የጡረተኞች መንደር፦ ውሉን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ማንበብ

የጡረተኞች መንደር ሊያይ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያሳዩት የአትክልት ቦታውን ነው። ቀጥሎ መዋኛ ገንዳውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጋራ አዳራሹን ያዞሩታል። በመጨረሻ አንድ ባዶ ቤት ይከፈትለታል፤ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ወለሉ የማያንሸራትት፣ በሩ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያሳልፍ። ጎብኚው ብዙ ይጠይቃል። ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፣ መኪናውን የት እንደሚያቆም፣ ውሻውን ይዞ መምጣት ይችል እንደሆነ። አንድ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል፦ ከዚህ በፊት እዚህ ቤት የኖረው ሰው እንዴት ወጣ? ገንዘቡስ ስንት ሆኖ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ተመለሰ?

ይህን የማነሳው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም። በእነዚህ መንደሮች ደስ ብሏቸው የሚኖሩ፣ ምነው ቀደም ብዬ በመጣሁ የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚጸጸቱም አሉ። የአትክልቱ ውበት ወይም የቤቱ ስፋት ሁለቱን ሲለያያቸው እምብዛም አይታይም። ልዩነቱ የሚመጣው ምን ውስጥ እንደገቡ ቀድመው በማወቃቸው ወይም ባለማወቃቸው ነው። ወደ መንደሩ የሚገባ ሰው ቤት ገዛሁ ብሎ ያስባል፤ በብዙ አገሮች ግን የፈረመው ከአንድ ድርጅት ጋር ለቀሪ ዘመኑ የሚዘልቅ ግንኙነት ነው። ግንኙነቱ ሰውየው ጤነኛና ብርቱ በሆነበት ጊዜ ይጀምራል፤ የሚፈተነው ደግሞ ጉልበቱ ሲደክም ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሀብታሞች ወሬ ከመሆን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ቁጥር 1 ቢሊዮን ነበር፤ በ2030 ወደ 1.4 ቢሊዮን፣ በ2050 ወደ 2.1 ቢሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። ልጆች ከወላጆቻቸው ርቀው ይኖራሉ፤ ትልቁ ቤት ለአንድ ሰው ይሰፋል፤ ደረጃው ይከብዳል። የጡረተኞች መንደር ለዚህ ከቀረቡት መልሶች አንዱ ነው።

መጦሪያ አይደለም

አንድ ብዥታ ይጥራ። የጡረተኞች መንደርና የአረጋውያን መጦሪያ አንድ አይደሉም። መጦሪያ የሚገባው ለመልበስ፣ ለመታጠብ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ የሰው እጅ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሌት ተቀን የሚጠብቀው አለ። መንደሩ የተሠራው ራሱን ችሎ ለሚኖር ሰው ነው። የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ማድቤት አለው። ሲፈልግ ወጥቶ ይሄዳል፣ ሲፈልግ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ሣሩ ሲያድግ፣ የመንገዱ መብራት ሲጠፋ መጨነቅ ያለበት አስተዳደሩ ነው።

መልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ በአንድ ግቢ ውስጥ የተደረደሩ ትንንሽ ቪላዎች ነው፤ ሌላው ሊፍት ያለው ፎቅ ነው፤ ሦስተኛው የራሱ መንገዶችና ሱቆች ያሉት ከተማ ያህላል። በአንዳንዱ እዚያው ግቢ ውስጥ የእንክብካቤ ክፍል አለ፤ በአብዛኛው ግን የለም።

ሐሳቡ የቆየ አይደለም። በአሜሪካ አሪዞና ውስጥ ያንግታውን የተባለው ሰፈር በ1954 ለአረጋውያን ብቻ ተብሎ ተመሠረተ። ዴል ዌብ የተባለው የቤት አልሚ ከጎኑ ሰን ሲቲን የከፈተው ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነው፤ በመክፈቻዎቹ ሦስት ቀናት 100,000 ያህል ሰው ሊያየው ጎረፈ። ያኔ ለገበያ የቀረበው ጡረታ ረጅም የመዝናኛ ዘመን ነው የሚል ሥዕል ነበር፤ ጎልፍ፣ ዋና፣ የእጅ ሥራ፣ ፀሐይ። ያ ሥዕል ዛሬም ከማስታወቂያዎቹ ላይ አልወረደም። ሕይወቱ ግን ከሥዕሉ ሰፋ ይላል፤ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ብዙዎች የሚገቡት በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ውስጥ ሆነው፣ ጎልፉን ሳይሆን ድንገት ቢወድቁ የሚደርስላቸውን ሰው አስበው ነው።

የዕድሜ ገደቡም ቢሆን አንድ ወጥ አይደለም። በአሜሪካ በ1995 የወጣው ሕግ አንድ መንደር ለ55 ዓመትና ከዚያ በላይ የተለየ ነው እንዲባል፣ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ 55 የሞላው አንድ ሰው መኖር አለበት ይላል። ስለዚህ በዕድሜ የምታንስ ሚስት ከባሏ ጋር መግባት ልትችል ትችላለች። ባልየው ቢሞት እዚያው ትቆያለች ወይ? ልጃቸው ሥራ ቢያጣና ለስድስት ወር ቢጠጋቸውስ? መልሱ ያለው በመንደሩ የውስጥ ደንብ ላይ ነው፤ ደንቡን ደግሞ ከመፈረማቸው በፊት የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው።

ገንዘቡ፦ ሲገቡ፣ ሲኖሩ፣ ሲወጡ

ትልቁ ውዥንብር ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይበት።

በአንዳንድ ቦታ ሰው ቤቱን በስሙ ይገዛል፤ የባለቤትነት ማረጋገጫው የእሱ ነው። በሌላ ቦታ ረጅም ሊዝ ይይዛል ወይም በወር በወር ይከራያል። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ግን በጣም የተለመደው ውል ለነዋሪው የሚሰጠው በቤቱ ውስጥ የመኖር መብት ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካም በ1988 በወጣው የጡረተኞች ቤት ሕግ ሥር የዕድሜ ልክ የመኖር መብት እየተባለ ይሸጣል። ነዋሪው ብዙ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቤቱ ግን የድርጅቱ ነው። መብቱን ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው፣ አስይዞ ሊበደርበት በአብዛኛው አይችልም። ሲወጣ ወይም ሲሞት መብቱ ያበቃል፤ ድርጅቱም ከመግቢያው ክፍያ ላይ ቆርጦ የቀረውን ይመልሳል።

የሚቆረጠው ስንት ነው? በኒውዚላንድ ከ20 እስከ 30 በመቶ የተለመደ ነው። በ100 እንቁጠረው። መግቢያው 100 ነው እንበል፤ ውሉ በየዓመቱ 5 በመቶ፣ ሲበዛ 30 በመቶ ይቆረጣል ይላል። ስድስተኛው ዓመት ሲሞላ ሠላሳው ተሟልቷል። ነዋሪው በአሥረኛው ዓመት ሲወጣ 70 ይመለስለታል። በእነዚያ አሥር ዓመታት የቤት ዋጋ አድጎ ያው ቤት ለሚቀጥለው ሰው በ150 ቢሰጥ፣ 50ው ጭማሪ የማን ነው? በብዙ ውሎች የድርጅቱ ነው። ነዋሪው 70 ይዞ ቤቱ ሁሉ ግማሽ ያህል በጨመረበት ገበያ ውስጥ ይቆማል። ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ልመለስ ቢል አይችልም። መንደሩ አልተመቸኝም ብሎ ወደ ሌላ መንደር ልዛወር ቢልም ያንኑ ያህል ይከብደዋል። ከተገባ በኋላ መመለሻው የሚጠብበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው በሩ ከተዘጋ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

አሠራሩ ዘረፋ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አልልም፤ በግልጽ ከተነገረ ትርጉም አለው። ድርጅቱ ትርፉን በመውጫው ላይ ስለሚያገኝ መግቢያው ላይ ዋጋ ይቀንሳል፤ የጋራ አዳራሹንና ገንዳውንም የሚሠራው ከዚያ ነው። ሰፊ ቤቱን ሸጦ የገባ ጡረተኛ የተወሰነ ገንዘብ በእጁ ይቀራል፤ ጉልበት ሳለው ይጠቀምበታል። አሥራ አምስት ዓመት ለሚኖር ሰው ሠላሳ በመቶው ለየዓመቱ ሲከፋፈል አይከብድም። የሚጎዳው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት የሚወጣው ነው፤ በተለይ ውሉ ትልቁን ቁራጭ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወስድ ከሆነ። በዚያን ጊዜ የሚወጣ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወዶ አይወጣም፤ ታሞ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ ሊጠየቅ የሚገባው ወረቀት ሌላ ነገር ከመምጣቱ በፊት ይህ ነው፦ ከ1 ዓመት፣ ከ3 ዓመት፣ ከ5 ዓመት፣ ከ10 ዓመት በኋላ ብወጣ በእጄ የሚገባው ስንት ነው? በቁጥር፣ በጽሑፍ። የሚያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሌላው ጊዜው ነው። ብዙ ውሎች ገንዘቡ የሚመለሰው ቤቱን የሚወስድ አዲስ ሰው ሲገኝ ነው ይላሉ። አዲስ ሰው እስኪገኝ ወራሾች ይጠብቃሉ። ይባስ ብሎ ሰውየው ወደ መጦሪያ መግባት ካለበት፣ ለመጦሪያው የሚከፍለው ገንዘብ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ተይዞበታል። አንዳንድ አገሮች ይህን በሕግ ሊያጠብቡት ሞክረዋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በ2017 በተደረገው ማሻሻያ፣ ቤቱ ባይወሰድም ድርጅቱ በ18 ወር ውስጥ እንዲከፍል ተደንግጓል። ሌላዋ የአውስትራሊያ ግዛት ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ ነዋሪው ከወጣ ከ42 ቀን በኋላ የጋራ አገልግሎቶችን ወርሃዊ ክፍያ እንዳይጠየቅ አድርጓል። በእንግሊዝ የሕግ ኮሚሽኑ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ የሚመጡ ክፍያዎች ገዢው ገና ሲያማርጥ በግልጽ ሊነገሩት ይገባል ብሎ መክሯል። እንዲህ ያለ ከለላ በሌለበት አገር ግን ውሉ ያለው ብቻ ነው ያለው።

ዕድሳቱንም አለመርሳት። ነዋሪው ሲወጣ ቀለሙን፣ ምንጣፉን፣ የማድቤቱን ቁም ሣጥን የሚያድሰው ማን ነው? ቤቱ የድርጅቱ ሆኖ ሳለ ዕድሳቱን ነዋሪው እንዲከፍል የሚያስገድዱ ውሎች አሉ። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ለመደራደር የሚበቃ ነጥብ ነው።

ወርሃዊው ክፍያ ቀላል ይመስላል፤ የአትክልተኛ፣ የጥበቃ፣ የመድን፣ የአስተዳደር ወጪ ነው። መጠየቅ ያለበት የዛሬው መጠን ብቻ አይደለም፤ በምን እንደሚያድግም ጭምር ነው። በዋጋ ንረት ልክ ነው? በጡረታ ጭማሪ ልክ ነው? ወይስ ድርጅቱ ባሻው ጊዜ? ከገቡበት ቀን ጀምሮ የማይቀየር ክፍያ የሚያቀርቡ መንደሮች አሉ፤ ዋጋ አለው። እዚህ ላይ ባልና ሚስት የሚዘነጉት ስሌት አለ። ሲገቡ ሁለት ጡረታ ይዘው ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት የሚገባው ገንዘብ ወደ አንድ ጡረታ ይወርዳል፤ የወሩ ክፍያ ግን በግማሽ አይቀንስም። በሐዘን ላይ የወጪ ጭንቀት እንዳይደረብ ይህን ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ተቀምጠው ማስላት አለባቸው።

ድርጅቱ ቢከስርስ? በአሜሪካ የመግቢያ ክፍያ ተቀብለው የዕድሜ ልክ እንክብካቤ ቃል የገቡ ተቋማት የከሰሩባቸው ጊዜያት አሉ፤ ነዋሪዎቹ ከባንኮች ኋላ፣ መያዣ እንደሌለው ተራ አበዳሪ ተሰልፈው ተገኝተዋል። በኒውዚላንድ የ2003ቱ የጡረተኞች መንደር ሕግ የነዋሪዎችን ጥቅም የሚከታተል፣ ከድርጅቱ ነፃ የሆነ ተቆጣጣሪ እንዲሾም ያደርጋል። የሚገቡበት አገር ሕግ ከሁለቱ ወደየትኛው እንደሚቀርብ ማወቅ የጠበቃ ሥራ ነው፤ ለጠበቃው የሚከፈለው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ወጪ ትንሹ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት

ስለ ገንዘብ ይህን ያህል ካልን ወደ ኑሮው እንግባ። ሰው ወደ መንደሩ ሲገባ የመጀመሪያው ስሜት እፎይታ ነው። ከዚያ ዕቃው ሁሉ በትንሹ ቤት ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ልጆቹ ረድተውት ይሄዳሉ፣ ማታው ይመጣል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ብቸኝነት ብዙዎችን ያስደነግጣቸዋል፤ የመጡት ከብቸኝነት ለመሸሽ ነበርና። አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ትቶ መምጣት ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። ዕቃ ሲመርጡ የሕይወታቸውን ግማሽ ሰጥተው ወይም ጥለው መጥተዋል። ይህ ስህተት የመሥራት ምልክት አይደለም፤ ለወራት የሚቆይ ነገር ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ለአዲስ ገቢ የ90 ቀን መላመጃ መስጠቱን የምወደው ለዚህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣ ሰው ለኖረበት ጊዜ ተመጣጣኝ ኪራይ ከፍሎ፣ ያ ትልቁ የመውጫ ክፍያ ሳይቆረጥበት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ደግሞ አንዳንድ መንደር ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት የሙከራ ቆይታ ይፈቅዳል። ተጠይቆ እምቢ ቢባል እንኳ መጠየቁ አያስነውርም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ መንደሩ የሚሰጠው ትልቁ ሀብት ጎረቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከአረጋውያን ሩብ ያህሉ ማኅበራዊ መገለል እንደሚደርስባቸው ይገምታል፤ በመንደሩ ጠዋት በሩን የከፈተ ሰው ሰላም የሚለው አያጣም። መጋረጃው እስከ ረፋድ ካልተከፈተ አንኳኩቶ የሚጠይቅ አለ። ይህ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ በደንብ የማይታይ፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከኖረበት በኋላ የሚመሰክርለት ነገር ነው።

ሆኖም ጎረቤትነት ከነጣጣው ነው የሚመጣው። አዲስ ገቢ የሚደርሰው ተጣምረው፣ ተላምደው፣ መቀመጫቸውን ይዘው በተደላደሉ ሰዎች መካከል ነው። በአዳራሹ ያቺ ወንበር የእገሌ ናት። የካርታ ጨዋታው ቡድን አራት ሰው ይበቃዋል። ብቻውን የመጣ ሰው በባልና ሚስቶች መካከል ይጎድላል፤ ወንዶች በሴቶች ብዛት መካከል ድምፃቸው ይጠፋል። ወሬም ይፈጥናል። በትልቅ ከተማ ማንም ያላየውን ነገር፣ ማን ሊጠይቅህ መጣ፣ ስንት ሰዓት ወጣህ፣ አምቡላንስ የቆመው በማን ደጅ ነው፣ እዚህ ከሰዓት በፊት ሁሉም ያውቀዋል። ለአንዱ ይህ ጥበቃ ነው፤ ለሌላው ልጓም። ራስን ማወቅ ይጠይቃል።

ደንቦቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ግን የሚኖረው ከእነሱ ጋር ነው። እንግዳ ስንት ሌሊት ማደር ይችላል? የልጅ ልጆች ገንዳውን በየትኛው ሰዓት ይጠቀማሉ? ድመቷ ብትሞት ሌላ ማምጣት ይፈቀዳል? ግድግዳ ላይ እጀታ ለማስገጠም የማን ፈቃድ ያስፈልጋል? ከደጃፉ ያለውን አበባ ነቅሎ የወደደውን መትከል ይችላል?

የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ቢመስልም ሥር አለው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሁለት ፎቆች ላይ ያሉ ነዋሪዎችን አነጻጽረዋል። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች የራሳችሁ ኃላፊ እናንተ ናችሁ ተብሎ ተነገራቸው፤ ተክል መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡት ተሰጣቸው። ለሌላው ፎቅ ሠራተኞቹ ሁሉን እንደሚያደርጉላቸው ተነገረ፤ ተክሉም ተሰጣቸው፣ የሚያጠጣው ግን ነርሷ ነበረች። ምርጫው የተተወላቸው ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ታይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፣ በመጦሪያ እንጂ በመንደር አልተሠራም፤ ያነሳው ጉዳይ ግን እዚህም ይሠራል። ሁሉን እናደርግልዎታለን የሚል አስተዳደር ደግ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን የሚደረግለት ብቻ ሲሆን ይደርቃል። ስለዚህ የነዋሪዎች ኮሚቴ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ምን አስቀየረ ብሎ መጠየቅ ነው።

ሞትም የኑሮው አካል ነው። ሁሉም አረጋዊ በሆነበት ሰፈር ቀብር ይደጋገማል። አንድ ወዳጅ ያፈራ ሰው በዓመቱ ሊቀብረው ይችላል። አንዳንዱ ይህን መቋቋም አቅቶት ከሰው መራቅ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ ትዳር አጋሩ ሲሞት በሰፈሩ ካሉት ብዙዎች ያንኑ መንገድ የሄዱ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ምን እንደሚባልና መቼ ዝም እንደሚባል የሚያውቁ ሰዎች። ይህን መጽናኛ ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኘውም ብዬ አምናለሁ።

ጉልበት ሲደክም

65 ዓመት ካለፋቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ይወድቃሉ። ለዚህ ነው በየቤቱ የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ የሚኖረው፤ በግድግዳ ላይ ወይም በአንገት የሚንጠለጠል። ብዙ ሰው ቁልፉን ሲያይ ነርስ እየሮጠች ስትመጣ ይታየዋል። በብዙ መንደሮች ግን ጥሪው የሚደርሰው ምናልባት ሌላ ከተማ ባለ የጥሪ ማዕከል ነው፤ ማዕከሉ ደግሞ ለዘመድ ወይም ለአምቡላንስ ይደውላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁልፉን ብጫን በአካል ማን ይመጣል? ይህ መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ከአስተዳደሩ ብቻ ሳይሆን አንድ ሌሊት ከተጫነው ነዋሪ ቢሰማ ይሻላል።

መንደሩ ውስጥ የእንክብካቤ ክፍል መኖሩ ብዙዎችን ይስባል። ቢደክሙ ወደ ማዶው ሕንፃ ይሻገራሉ፣ ሁሉም በአንድ ግቢ ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን ለይቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቅድሚያ ይሰጥዎታል የሚለውና ቦታ ይኖርዎታል የሚለው። የመጀመሪያው ወረፋው ላይ ከፊት ያስቀምጣል፤ አልጋ ከሌለ ግን ሌላ ከተማ ያለ መጦሪያ መግባት ሊመጣ ይችላል። ሲሻገሩ አዲስ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል ወይ? የመጀመሪያው ቤት ቁራጭስ እንደገና ይቆረጣል? በአሜሪካ ቀጣይነት ያለው እንክብካቤ በሚሰጡ መንደሮች ውሎቹ በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ። በአንደኛው ሰው ሲገባ ብዙ ይከፍልና እንክብካቤው ቢያስፈልገውም ወርሃዊው እምብዛም አይጨምርም። በሁለተኛው የተወሰኑ የእንክብካቤ ቀናት ይካተታሉ። በሦስተኛው ሲገባ አነስ ያለ ይከፍልና እንክብካቤውን በገበያ ዋጋ ይገዛል። ሦስቱም ሰውየው ምን ያህል ይታመማል በሚለው ላይ የተደረጉ ውርርዶች ናቸው፤ ልዩነቱ አደጋውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ባልና ሚስት እኩል የማይደክሙበት ጊዜ ነው። አንዱ የመርሳት ሕመም ይጀምረዋል፣ ሌላው ጤነኛ ነው። ጤነኛው ቤቱ ውስጥ ይቆያል፣ ታማሚው ይሻገራል፤ ክፍያው ሁለት ይሆናል። ብዙ መንደሮች ለመርሳት ሕመም አልተሠሩም፤ ለዚህ የተለየ መንደር ያስፈልጋል። ኔዘርላንድስ ዌስፕ ውስጥ በ2009 የተከፈተው ሆገዌይክ ለዚህ የታወቀ ነው፤ ታማሚዎቹ በትንንሽ ቤቶች ተሰባስበው፣ በተዘጋው ግቢ ውስጥ ባሉት ጎዳናዎችና ሱቆች እንደ ልባቸው እየተዘዋወሩ ይኖራሉ። የተለመደው የጡረተኞች መንደር ይህን አያቀርብም። እንዲያውም ውሉ አንድ ሰው ራሱን ችሎ መኖር ካልቻለ ድርጅቱ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል የሚል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል። አልቻለም ብሎ የሚወስነው ማን ነው? የነዋሪው ሐኪም ነው ወይስ አስተዳዳሪው? አንቀጹ ተፈልጎ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት።

መኪና መንዳት የሚቆምበት ቀንም ይመጣል። ጸጥ ያለ፣ ከከተማ ራቅ ያለ፣ ኮረብታ ላይ የተሠራ መንደር በ70 ዓመት ገነት ይመስላል። በ85 ዓመት፣ የመንጃ ፈቃዱ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሐኪም ቤት ሃያ ኪሎ ሜትር የራቀ ኮረብታ ነው። አውቶቡስ አለን ከተባለ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ወዴት፣ በማን ወጪ እንደሆነ ይጠየቅ።

መቼ፣ ከማን ጋር

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እዚህ ጉዳይ ላይ ይህን ደጋግሜ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ውል የሚፈረመው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። አባት ይወድቃል፣ እናት ብቻዋን ትቀራለች፣ ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት ልጆቹ የሚገዙት የራሳቸውን እንቅልፍ ነው፤ ይህ ሰውኛ ነው፣ አልፈርድባቸውም። የሚኖርበት ሰው ግን አልተጠየቀም። ቀድሞ፣ ገና ሳይቸግር፣ ሦስት አራት መንደር ዞሮ ማየት፣ ውክልናን የመሰሉ ሰነዶችን አስተካክሎ ማስቀመጥ፣ ልጆችም ቁጥሩን እንዲያውቁት ማድረግ የተሻለ ነው። ወራሽ ስለ መውጫ ክፍያው የሚሰማው ከቀብር በኋላ መሆን የለበትም።

በኒውዚላንድ ማንም ሰው ራሱ የመረጠው፣ ከድርጅቱ ነፃ የሆነ ጠበቃ ውሉን ሳያስረዳው መፈረም አይችልም፤ ከፈረመም በኋላ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሊተወው ይችላል። ሕጉ ይህን የሚያስገድደው ሰው ሞኝ ነው ብሎ አይደለም፤ ውሳኔው ከባድ ስለሆነ ነው። በየትኛውም አገር ያለ ሰው ይህን በራሱ ላይ ሊደነግግ ይችላል። ጠበቃ አናግሮ፣ ውሉን ይዞ ቤት ገብቶ፣ ሦስት ሳምንት ማሳደር።

ጉብኝቱም በሻጩ ቀጠሮ ብቻ መሆን የለበትም። በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምንም ዝግጅት በሌለበት ሰዓት ሳይነገር መሄድ ነው። ነዋሪዎች ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል ወይስ በሩ ሁሉ ዝግ ነው? ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው በአዳራሹ ከሌሎቹ ጋር ነው ወይስ ዳር ላይ? ከሻጩ ርቆ አንድ ነዋሪ ማነጋገር፣ በተለይ በቅርቡ ብቻውን የቀረ።

ከዚያ የጋራ አዳራሹን የማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት። በላዩ ያለው ሁሉ ከቢሮ የታተመ ከሆነ፣ የገንዳው ሰዓት፣ የቆሻሻ ማውጫ ቀን፣ የክፍያ ማሳሰቢያ ብቻ ከሆነ፣ መንደሩን የሚያኖረው ቢሮው ነው። በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ካሉ፣ መነጽር ጠፍቶኛል፣ ሐሙስ ጠዋት አብሮኝ የሚራመድ እፈልጋለሁ፣ ቁጥር 14 ለመጣችሁ አዲሶች እንኳን ደህና መጣችሁ የሚሉ፣ እዚያ ሰሌዳ ፊት ትንሽ ቆይቶ ቀኖቹን ማንበብ ይገባል፤ የዚህ ሳምንት ናቸው ወይስ ያለፈው ዓመት።